ስኩል ቦርድ ምን ይሠራል? አሜሪካ ልጆች የምናስተምር ወላጆች ደጋግመን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

ሦስት ልጆቼን ያስተማርኩት ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ አምስተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ ስኩል ቦርድ የሚባል ነገር መኖሩን እሰማ ነበር እንጂ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላም፣ ለቅሶ ቤትም፣ በቴሌግራም ግሩፕም ስለዚሁ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ሰው አላጣም። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ ከነመልሳቸው እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ። ምሳሌዎቼ በብዛት ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዲሲ ናቸው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ ዝርዝሩን ከራሳችሁ ዲስትሪክት ጋር አመሳክሩት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ስኩል ቦርድ ማለት ምንድን ነው?

የአንድን አካባቢ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በነዋሪው ስም የሚመራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በምርጫ የሚሰየም ጉባኤ ነው። ቦርድ ኦፍ ኤዱኬሽን የሚባለውም እሱው ነው። አገር ቤት ትምህርት ሲባል ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሚኒስቴሩ ነው፤ መጽሐፉም ፈተናውም ከላይ ይመጣል። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንድም ቃል አይናገርም። ሥልጣኑ የስቴቶች ነው፤ ስቴቶች ደግሞ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ለየአካባቢው ሰጥተውታል። በዚህ የተነሳ በአገሪቱ ውስጥ 13,000 ያህል የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ፤ አንዳንዱ ጥቂት መቶ ተማሪ ብቻ ያለው ነው፣ አንዳንዱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር። መላው ስቴት አንድ ዲስትሪክት ሆኖ የሚተዳደረው ሃዋይ ብቻ ነው።

ልማዱ ከአገሪቱ ራሷ ይቀድማል። ማሳቹሴትስ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች በ1647 ባወጣችው ሕግ 50 አባወራ ያለው መንደር ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው እንዲመድብ፣ 100 አባወራ የሞላው ደግሞ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት እንዲከፍት አዝዛ ነበር። ትምህርት የመንደሩ ኃላፊነት ነው የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ከሱፐርኢንተንደንቱና ከፕሪንሲፓሉ በምን ይለያል?

ቦርዱ ትምህርት ቤት ገብቶ አያስተዳድርም። ዋና ሥራዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሱፐርኢንተንደንቱን መቅጠር ወይም ማሰናበት፣ ፖሊሲ ማውጣትና ባጀት ማጽደቅ። ሱፐርኢንተንደንቱ በቦርዱ ተቀጥሮ ዲስትሪክቱን ያስተዳድራል። ፕሪንሲፓሎች፣ መምህራን፣ የአውቶቡስ ሾፌሮችና የካፌቴሪያ ሠራተኞች ተጠሪነታቸው በእሱ ሥር ነው። ፖሊሲ ስንል ለምሳሌ ስልክ ክፍል ውስጥ ይፈቀዳል አይፈቀድም፣ ቀሪ የሚያበዛ ተማሪ ምን ይደረጋል፣ ትምህርት በየትኛው ቀን ይጀመራል የሚለውን ነው።

ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነገር አለ። አንድ የቦርድ አባል ብቻውን ምንም ነገር ማዘዝ አይችልም። ሥልጣኑ የጉባኤው ነው፤ እሱም ተሰብስቦ በአብላጫ ድምጽ ሲወስን ብቻ። የምታውቁት አባል ቢኖር ጉዳያችሁን ይሰማችኋል፣ ለሚመለከተው ክፍልም ያስተላልፍላችኋል፤ ነገር ግን ስልክ ደውሎ የልጃችሁን መምህር አያስቀይርላችሁም። ይህን ሳያውቁ ሄደው አባሉን የተቀየሙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

አባላቱ እነማን ናቸው? የሚመርጣቸውስ ማን ነው?

እንደየአካባቢው ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሞንጎመሪ ካውንቲ ስምንት አባላት አሉት፦ አምስቱ ከአምስት ቀጠና፣ ሁለቱ ከመላው ካውንቲ የሚመጡ፣ አንዱ ደግሞ ተማሪ። ቀጠና ቢኖራቸውም ሰባቱንም የሚመርጠው የካውንቲው መራጭ በሙሉ ነው፤ የሌላ ሰፈር ነው ብላችሁ የምትዘሉት አባል የለም ማለት ነው። የሥራ ዘመናቸው አራት ዓመት ሲሆን በየሁለት ዓመቱ ከፊሎቹ ለምርጫ ይቀርባሉ። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ 12 አባላት አሉት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በየአራት ዓመቱ ይመረጣሉ። በሁለቱም ቦታ የፓርቲ ስም በድምጽ መስጫው ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ መብት የቅርብ ጊዜ ነው። ስቴቱ እያንዳንዱ ካውንቲና ከተማ በሕዝበ ውሳኔ ወደ ምርጫ እንዲዞር የፈቀደው በ1992 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የቦርድ አባላት ይሾሙ ነበር። ኒውዮርክ ከተማ በተቃራኒው ከ2002 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹን ለከንቲባው ሰጥታለች።

ዲሲ ያላችሁ ልብ በሉ። ከ2007 ጀምሮ የዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚመራው ከንቲባው የሚሾመው ቻንስለር ነው። ዘጠኝ አባላት ያሉት ተመራጭ የስቴት የትምህርት ቦርድ አለ፤ ነገር ግን ቻንስለር አይቀጥርም፣ የትምህርት ቤቶቹን ባጀትም አያጸድቅም። ስለዚህ ዲሲ ውስጥ ስለ ትምህርት ቤት ገንዘብ መሟገት የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደ ከንቲባውና ወደ ዲሲ ካውንስል ነው።

ዜጋ አይደለሁም፤ መምረጥ እችላለሁ?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለትምህርት ቦርድ ለመምረጥ የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግድ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ጥቂት የተለየ አሠራር አለ፤ ለምሳሌ የሳን ፍራንሲስኮ መራጮች በ2016 ዜጋ ያልሆኑ ወላጆች ለስኩል ቦርድ እንዲመርጡ ፈቅደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ግሪን ካርድ ይዛችሁ መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ወይም ልታድሱ ስትሄዱ ለመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋላችሁ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሳያስተውሉ አዎ የሚሉ አሉ። ኋላ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ለመምረጥ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ ጣጣው ከባድ ነው፣ እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትመዝገቡ፤ የተመዘገባችሁ ከሆነ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

መምረጥ አለመቻል ግን ዝም ማለት አይደለም። ዜጋ ያልሆነ ወላጅ ስብሰባ መግባት፣ ተመዝግቦ መናገር፣ ለቦርዱ መጻፍ፣ በፒቲኤ (በትምህርት ቤቱ የወላጆችና መምህራን ማኅበር) መሥራት፣ በብዙ ቦታም በአማካሪ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ ይችላል። የሚናገረውን ሰው ፓስፖርት የሚጠይቅ ማንም የለም።

የመኖሪያ ወረቀት ከሌለን ልጃችንን ይቀበሉታል?

አዎ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ፕላይለር እና ዶ በሚባለው የቴክሳስ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ ማንኛውም ልጅ የኢሚግሬሽን ወረቀቱ ምንም ይሁን ምን የሕዝብ ትምህርት ቤት የመግባት መብት አለው። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው የልጁን ዕድሜ፣ ክትባቱንና በዲስትሪክቱ ውስጥ መኖራችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ከዘመድ ቤት ተጠግታችሁ የምትኖሩ ከሆነና ውሉ በስማችሁ ካልሆነ ባለቤቱ ወይም ተከራዩ የሚፈርምበት የጋራ መኖሪያ ቅጽ መኖሩን ጠይቁ። ቤት አጥታችሁ ከሰው ጋር ተዳብላችሁ ከሆነ ደግሞ መኪኒ ቬንቶ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ይሸፍናችኋል፤ ወረቀቱ እስኪሟላ ልጁ ቤት መዋል የለበትም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቦርዱ ግብር መጣል ይችላል?

በአገር ደረጃ ሲታይ ለሕዝብ ትምህርት ቤት ከሚወጣው 100 ዶላር ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው 10 ዶላር ገደማ ነው። የቀረውን ስቴቱና አካባቢው ተቀራራቢ በሆነ መጠን ይካፈሉታል። የአካባቢው ድርሻ በዋናነት የሚመጣው ከቤት ግብር፣ ማለትም ፕሮፐርቲ ታክስ ከምንለው ነው። ተከራይም ቢሆን በኪራዩ ውስጥ ይከፍለዋል። ከባጀቱ ደግሞ ከአስር ስምንት እጁ ወይም ከዚያ በላይ የሚሄደው ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም ነው፤ ባጀት ተቆረጠ ሲባል ሰው ተቀነሰ ማለት ነው ብላችሁ ውሰዱት።

በቴክሳስና በሌሎችም ብዙ ስቴቶች ስኩል ቦርዶች ራሳቸው ግብር ይጥላሉ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን አይችሉም። ቦርዱ የሚያስፈልገውን አስልቶ ይጠይቃል፤ ኪሱ ያለው የካውንቲው ምክር ቤት፣ ማለትም ካውንስሉ ወይም ቦርድ ኦፍ ሱፐርቫይዘርስ የሚባለው ዘንድ ነው። አንዱ ሌላውን እየጠቆመ ወላጅ መሐል የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ክፍፍል ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል የቨርጂኒያ ታሪክ ያሳያል። የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ሱፐርቫይዘሮች በ1959 ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዲማሩ በፍርድ ቤት ሲታዘዙ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች አንድም ሳንቲም አንመድብም አሉ። ትምህርት ቤቶቹ እስከ 1964 ድረስ አምስት ዓመት ተቆለፉ። ለነጭ ልጆች የግል አካዳሚ ተከፈተላቸው፤ ጥቁር ልጆች ዘመድ ወዳለበት ሌላ ከተማ ተላኩ፣ ያልቻሉት ሳይማሩ ቀሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እስኪገባበት ድረስ ኪሱን የያዘው አካል ትምህርት ቤቱን ለመዝጋት ሕንጻውን መንካት እንኳ አላስፈለገውም።

ለእኛ ዋናው ቁም ነገር የጊዜ ሰሌዳው ነው። የባጀት ዓመቱ የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፤ ሥራው ግን የሚጀመረው በዚህ አገር ክረምት፣ በብርዱ ወራት ነው። ሞንጎመሪ ውስጥ ሱፐርኢንተንደንቱ ረቂቁን ዲሴምበር ወይም ጃንዋሪ ላይ ያቀርባል፤ ቦርዱ ጃንዋሪ ላይ ሕዝብ ያዳምጣል፣ ፌብሩዋሪ ላይ ጥያቄውን አጽድቆ ወደ ካውንቲው ይልካል። ካውንስሉ ኤፕሪል አካባቢ የራሱን መድረክ ያካሂድና ሜይ መጨረሻ ገደማ ገንዘቡን ይወስናል። ቦርዱ ጁን ላይ በተገኘው መጠን አስተካክሎ ይዘጋዋል። ፌርፋክስም በወራት ትንሽ ይለያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው። እኛ ደግሞ የምንነቃው ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ የኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች መምህሯ ከትምህርት ቤቱ ስትጠፋ፣ ክፍሉ 30 ልጅ ሲሞላ። ያን ጊዜ መልሱ ባጀቱ ተዘግቷል ነው። ትክክለኛ መልስም ነው፤ የሚያናድደኝም ትክክል መሆኑ ነው። ካላንደራችሁ ላይ አንድ ነገር ብቻ የምትጽፉ ከሆነ ጃንዋሪ ላይ የሚደረገውን የባጀት መድረክ ጻፉ።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። በነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚሰጥበትን ቅጽ ብዙ ቤተሰቦቻችን ነውር መስሏቸው አይሞሉትም። በብዙ ዲስትሪክት ግን ታይትል ዋን የሚባለው የፌዴራል ድጎማ ለየትኛው ትምህርት ቤት ይድረስ የሚለው የሚለካው በእነዚህ ቅጾች ቆጠራ ነው። ልጃችሁ ምሳውን ከቤት ቢቋጥርም ቅጹን ሙሉት።

ልጄ ችግር ገጠመው፤ በቀጥታ ለቦርዱ ልንገር?

አትጀምሩ ከዚያ። ለቦርዱ የጻፋችሁት ኢሜይል ተመልሶ ፕሪንሲፓሉ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እሱም መጀመሪያ የሚጠይቀው መምህሯን አነጋግራችኋል ወይ ብሎ ነው። መንገዱ ከመምህር ወደ ካውንስለር ወይም ምክትል ፕሪንሲፓል፣ ከዚያ ወደ ፕሪንሲፓል፣ ከዚያ ወደ ዲስትሪክቱ ጽሕፈት ቤት ይወጣል። የአውቶቡስ ጉዳይ ከሆነ ትራንስፖርት ክፍሉ ጋ ብትሄዱ ይፈጥናል።

በእያንዳንዱ ደረጃ ነገሩን በጽሑፍ አድርጉት። እኛ በአካል ሄዶ፣ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ በቃል መግባባት እንወዳለን። ያ ደግ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ተነጋግራችሁ ስትወጡ ማታውኑ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ ዛሬ ስለተገናኘን አመሰግናለሁ፣ የተስማማነው እንዲህና እንዲህ ነው፣ እስከዚህ ቀን መልስ እጠብቃለሁ። ቀኑ ያለበት ይህች ኢሜይል ኋላ ይግባኝ ስትሉ ትልቋ ማስረጃችሁ ናት።

ቦርዱ በእርግጥ እንደ ይግባኝ ሰሚ የሚቀመጥባቸው ጉዳዮች አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ በሱፐርኢንተንደንቱ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ቦርድ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ከዚያም ለስቴቱ ቦርድ። ልጅ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ሲታገድ ወይም ሲባረር ግን የይግባኙ ጊዜ ከዚህ በጣም ያጥራል። ደብዳቤው በመጣበት ቀን አንብቡት፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የዚያኑ ቀን ሰው ፈልጉ። ለአጭር ጊዜ እገዳም ቢሆን ልጁ ምን እንዳጠፋ ሊነገረውና የራሱን ቃል ሊሰጥ እንደሚገባ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ወስኗል።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሌላ መንገድ አለው። አይኢፒ በሚባለው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ላይ ካልተስማማችሁ ሽምግልናውም ክርክሩም የሚታየው በፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ መሠረት በስቴት በኩል ነው፤ ቦርዱ ፊት ሦስት ደቂቃ መናገር አይተካውም።

ስብሰባ ላይ ገብቼ መናገር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ስብሰባዎቹ በሕግ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ አጀንዳውም አስቀድሞ ይለጠፋል። ለመናገር ግን በብዙ ቦታ ከቀናት በፊት በኢንተርኔት ወይም በስልክ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ቦታው በፍጥነት ይሞላል። የሚሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ የተናገርኩ ቀን ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር የሄድኩት። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መብራት አለች፤ ስጀምር አረንጓዴ ነበረች። ራሴን አስተዋወቅሁ፣ አመሰገንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ አስረዳሁ። ቀና ስል ቢጫ ሆናለች። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ ቀዩ በራ፣ ሊቀመንበሯ በትሕትና አመሰገኑኝ፣ ማይኩ ጠፋ። የሄድኩበት ጉዳይ፣ ማለትም ከአፓርትመንታችን ፊት ለፊት ያለው መሻገሪያ ጠባቂ እንዲመደብለት የምጠይቀው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄያችሁን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አድርጉት። ሁለት ደቂቃ ማለት በእንግሊዝኛ 250 ቃል ያህል ነው። የጻፋችሁትን ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ በስልካችሁ ሰዓት አንብቡ። የልጅ ወይም የሠራተኛ ስም አትጥሩ፤ ያስቆሟችኋል። ሙሉውን ጽሑፍ ደግሞ በኢሜይል ላኩት፣ መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

አባላቱ ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጡም፤ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ አንዳንዱ ኮምፒውተሩን ያያል። ይህ ብዙዎቻችንን ያስቀይማል። አሠራሩ እንዲያ ስለሆነ ነው፤ አጀንዳ ላይ ባልተያዘ ጉዳይ እዚያው መወያየት አይችሉም። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ደግማችሁ ጻፉ።

ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። አጀንዳው ላይ ኮንሰንት የሚባል ክፍል ታያላችሁ። እዚያ ያሉት ጉዳዮች ያለ ክርክር በአንድ ድምጽ በጥቅል ያልፋሉ። አብዛኛው የተለመደ ነገር ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ትልቅ ውልም እዚያ ውስጥ ያልፋል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ምን ላድርግ?

አስተርጓሚ ጠይቁ። ችሮታ አይደለም፣ ሕግ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት መድልዎን ይከለክላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ላው እና ኒኮልስ በሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ላይ ይህ ሕግ ቋንቋንም እንደሚነካ አረጋግጧል። በእኛ አካባቢ አማርኛ ከዋናዎቹ የትርጉም ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ሞንጎመሪም፣ ፌርፋክስም፣ አሌክሳንድሪያም ለወላጅ የሚልኩትን ብዙ ነገር በአማርኛ ያወጣሉ።

አስተርጓሚ የሚያስፈልጋችሁ ለወላጅና መምህር ውይይት ከሆነ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ንገሩ፤ ለቦርድ ስብሰባ ከሆነ ስትመዘገቡ ጻፉ፣ ብዙ ቀን አስቀድማችሁ። በአስተርጓሚ ስትናገሩ ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጣል ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። አንድ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። መምህሯ የተናገረችው ስለ እሱ ውጤት መውረድ ነበር፤ ልጁ ለእናቱ የነገራት ጎበዝ ነህ ብላኛለች ነበር። እናቱ ፈገግ ብላ አመሰገነች። ልጁን አልፈርድበትም፤ ያንን ሸክም ያሸከምነው እኛ ነን።

ሰፈራችን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ ማን ነው የሚወስነው?

የትምህርት ቤት ክልል፣ ባውንደሪ የምንለው፣ የሚወሰነው በቦርዱ ድምጽ ነው። ቦርዱ ከሚወስናቸው ነገሮች ሁሉ የቤተሰብን ኑሮ ቶሎ የሚያናጋው ይህ ነው፤ ልጅ ከጓደኞቹ ይለያል፣ እናት የሥራ ሽፍቷን ታስቀይራለች፣ የቤት ዋጋም ይነካል።

በአንድ ወቅት የምንኖርበት ሕንጻ ተዛወረ። እኛ የሰማነው ኦገስት ላይ ደብዳቤው ሲመጣ ነው። ተናደን ሄድን። የተሰጠን መልስ መዝገቡ ነበር፦ ሦስት የሕዝብ መድረክ ተካሂዷል። ከመንገዱ ማዶ ካሉት የግል ቤቶች በደርዘን የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ተጽፈዋል። ከእኛ ሕንጻ የተናገረ ሰው ቁጥር ዜሮ። ማስታወቂያው ደርሶን ነበር፤ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ በልጆቻችን ቦርሳ ውስጥ። ያንን ዜሮ እስካሁን አልረሳሁትም።

ጥናቱ እንደተጀመረ ኢሜይል ዝርዝር ውስጥ ግቡ፤ ካርታዎቹ ብዙ አማራጭ ሆነው ነው የሚወጡት፣ መለወጥ የሚቻለውም ገና አማራጭ ሳሉ ነው።

ልጆቻችን የሚያነቡትን መጽሐፍ የሚመርጠው ቦርዱ ነው?

ስቴቱ በየክፍሉ ምን መማር እንዳለበት መለኪያ ያወጣል፣ ፈተናውንም ይወስናል። በዚያ ወሰን ውስጥ የትምህርት መሣሪያውንና መጽሐፉን ማጽደቅ የአካባቢው ቦርድ ሥራ ነው። በ2023 ሞንጎመሪ ውስጥ ለትንንሽ ልጆች በሚነበቡ፣ የተመሳሳይ ፆታን ጉዳይ በሚያነሱ የተረት መጻሕፍት ምክንያት፣ ልጆቻቸውን ከዚያ ክፍለ ጊዜ የማስወጣት ዕድል የተነሳባቸው ወላጆች ሮክቪል ላይ ሰልፍ ሲወጡ ከሙስሊም ቤተሰቦች ጎን የእኛ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በብዛት ነበሩበት። ጉዳዩ በወላጆች ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 2025 ማሕሙድ እና ቴይለር በሚል ስም 6 ለ3 ተወሰነ፤ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ዲስትሪክቱ ለወላጆች አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድ የሚል ነው። ስለ መጻሕፍቱ የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ አካሄዱን ግን ልብ በሉት፣ መጀመሪያ ኢሜይል፣ ከዚያ የሁለት ደቂቃ ንግግር፣ ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ነበር።

ዝግ ስብሰባስ ለምን ያደርጋሉ?

የሠራተኛ ጉዳይ፣ የአንድ ተማሪ የዲሲፕሊን ይግባኝ፣ የጠበቃ ምክር፣ የማኅበር ድርድርና የመሬት ግዢ በዝግ ሊታዩ ይችላሉ። ምክንያቱን በይፋ መናገር አለባቸው።

ተማሪዎች በቦርዱ ውስጥ ድምጽ አላቸው?

ሞንጎመሪ ውስጥ አላቸው። የተማሪዎቹ ተወካይ የሚመረጠው በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆን የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት ነው፤ ባጀትን ጨምሮ በአብዛኛው ጉዳይ ላይ ድምጽ ይሰጣል። ፌርፋክስ ውስጥ ያለው ተወካይ ይናገራል እንጂ ድምጽ የለውም። ሃዋርድ ካውንቲ ውስጥ በኮቪድ ጊዜ የተማሪው ድምጽ ትምህርት ቤት መክፈቱ ላይ ለውጥ በማምጣቱ ወላጆች ከስሰው ነበር፤ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2022 የተማሪውን ድምጽ አጸናው።

ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ምን አገባቸው ለሚል ወላጅ ሁልጊዜ የማነሳው ያንኑ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲን ነው። ሞተን የሚባለው የጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት ለ180 ልጅ ተሠርቶ ከ450 በላይ ይማሩበት ነበር። ወላጆች ቦርዱ ፊት እየተመላለሱ አዲስ ሕንጻ ጠየቁ፤ ቦርዱ የሠራላቸው በሬንጅ ወረቀት የተለበጡ ጎጆዎችን ነበር። በኤፕሪል 1951 የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ተማሪውን አስተባብራ አድማ አስመታች። የዚያ ትምህርት ቤት ክስ በ1954 ብራውን እና የትምህርት ቦርድ በሚል ስም በአንድነት ከተወሰኑት አምስት ጉዳዮች አንዱ ሆነ። ዛሬ ልጆቻችን ከማንም ጋር በአንድ ክፍል የሚቀመጡት በዚያ ውሳኔ ነው።

ፒቲኤና ስኩል ቦርድ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ፒቲኤ የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆችና መምህራን የፈቃደኝነት ማኅበር ነው፤ ውሳኔ አይወስንም። ነገር ግን የቦርዱን አጀንዳ በየጊዜው የሚከታተል ሰው የሚገኘው እዚያ ስለሆነ መግባቱ ይጠቅማል።

ቦርዱ ካልሰማን ማውረድ ይቻላል?

በአንዳንድ ስቴት ከምርጫ ዘመኑ በፊት መሻር ይቻላል፤ የሳን ፍራንሲስኮ መራጮች በፌብሩዋሪ 2022 ሦስት አባላትን በአንድ ቀን አውርደዋል። በሁሉም ቦታ ግን አይፈቀድም፤ የተለመደው መንገድ ቀጣዩ ምርጫ ነው። ለስኩል ቦርድ የሚሰጠው ድምጽ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ፕሬዚዳንትና ገዥ መርጦ እዚያ ሳይደርስ ይተወዋል። በዚህ ምክንያት ጥቂት መቶ ድምጽ ውጤት የሚለውጥበት ጊዜ አለ። የአንድ ትልቅ ደብር ምእመን ከዚያ ይበልጣል።

እኔ ራሴ መወዳደር እችላለሁ?

የተመዘገበ መራጭና በአካባቢው የምትኖሩ ከሆናችሁ፣ አዎ። የመምህርነት ዲግሪ አይጠየቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ የነዋሪዎች ፊርማ ማሰባሰብ አለ፤ ሞንጎመሪ ውስጥ ለአንድ ወንበር ከሁለት በላይ ሰው ከቀረበ መጀመሪያ ማጣሪያ ይደረግና ሁለቱ ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ። የዲስትሪክቱ ሠራተኛ የሆነ ሰው ግን ከተመረጠ ሥራውን መልቀቅ ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድሞ ያጣራ። ገና ለዚያ ካልደፈራችሁ በአማካሪ ኮሚቴ ጀምሩ፦ የባጀት፣ የልዩ ፍላጎት፣ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ኮሚቴ አለ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው፤ እኔ የገባሁበት ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ወንበር ለዓመት ባዶ ነበር።